እናቴ ወንድሜን ወደ ጣቢያ የወሰደችው እንዲመከር ስለመሆኑ

ቀን፦ ሚያዝያ 23

ለወንጀል ችሎት ክቡር ዳኛ
ባሉበት

አመልካች፦ የተከሳሹ እህት

ጉዳዩ፦ ነገ በወንድሜ ላይ ምስክር ሆና የምትቀርበው እናታችን፣ ልጇን ለምን እንዳመጣችው እንድትጠየቅልን ስለመለመን

ክቡር ዳኛ ሆይ፣

ይህን መጻፍ የሚፈቀድልኝ መሆኑን አላውቅም። ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገርም አይሆንልኝም፤ ስጠየቅ መሬት መሬት ነው የማየው። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰውዬ ለምኜው ነበር። ታሪኩን እስከ ግማሽ ሰማኝና ሲጋራውን በጫማው አጥፍቶ፣ «የኔ ልጅ፣ የሐሺሽ ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም፤ ሌላ ጉዳይ ቢሆን በነጻም እጽፍልሽ ነበር» አለኝ። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች እንዴት እንደሚያመለክቱ ከጎኑ ቆሜ አይቼ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ስሕተት ቢገኝበት የኔ ነው፤ በወንድሜ ላይ እንዳይቆጠርበት።

1. ተከሳሹ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጎሚስታ ቤት ተቀጥሮ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውላል። ከሥራ ሲመጣ እጁን በዱቄት ሳሙና ቢፈትግ ቢፈትግ ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አይለቅም። «ይሄ የጥፍር ቀለሜ ነው፣ አትንኪብኝ» ይለኛል። ከዚያ የውኃ ታንከሩ ወዳለበት ጣሪያ ይወጣና ያጨሳል። ሐሺሽ መሆኑን ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አናውቅም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሲወርድ ያገኘውን ዳቦ ይጨርሳል፤ ሬዲዮ ላይ የሚያወራው ሰው ሁሉ ያስቀዋል፤ ከዚያ ይተኛል። ጥሩ ነገር ነው ለማለት አይደለም። ጠዋት አልነሣ ማለት ጀምሮ ነበር። አሠሪው ቤት ድረስ መጥቶ የቀሰቀሰው ቀን አለ። እናታችንን እንቅልፍ የነሣት ይኸው ነው።

2. አባታችን ቀለም ቀቢ ነው፤ ይጠጣል። ይህን የምጽፈው እሱን ለመክሰስ አይደለም። ለቢሮ የተነገረ ነገር ወዴት እንደሚሄድ አሁን ስላየሁ፣ ይህ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ አመለክታለሁ። አባቴ ጠጥቶ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ያደርሰዋል። «ጋሼ ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሎታል፣ ቀስ አድርጋችሁ አስተኙት» ብለውን እየሳቁ ይመለሳሉ። ቅጽል ስሙም «ጨዋታ» ነው፤ እውነትም ሲጠጣ ጨዋታ ያውቃል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ግን እነሱ አያዩትም። የቁም ሳጥኑን መስታወት ደጋግመን አስገጥመን፣ በመጨረሻ ያለ መስታወት ትተነዋል። እናቴ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

3. እንዲህ በሆነ ጊዜ እናቴ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ፖሊሶቹ ያውቁናል። አባቴን ወስደው አግዳሚ ላይ ያስተኙታል። ጠዋት ፊቱን አስታጥበው፣ መክረው ይልኩታል። «በል ጋሼ፣ ከእንግዲህ እዚህ እንዳንተያይ» ሲሉት፣ «ትራስ የሌለው ቤት ማን ደግሞ ይመጣል» ይላቸዋል፤ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ጥቂት ቀን ያፍራል፣ በጊዜ ይገባል፣ ስኳር ገዝቶ ይመጣል። ለእኛ ቤት ጣቢያ ማለት ያቃተንን ሰው ማታ አስረክበን ጠዋት ተመክሮ የምንረከብበት ቦታ ነበር።

ደግሞም ትንሽ ካልተጋነነ ፖሊሶቹ ከወንበራቸው እንደማይነሡ እናቴ ተምራለች። «ሰክሮ ይጮሃል» ስትላቸው «ሲደክመው ይተኛል እትዬ» ብለው ይመልሷታል፤ «ቢላ አንሥቷል» ስትላቸው ይነሣሉ። አባቴ ቢላ አንሥቶ አያውቅም። እነሱም ይህን ሳያውቁ የሚቀሩ አይመስለኝም፤ አንድም ጊዜ ቢላው የት አለ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

4. ወንድሜ ከሥራ በቀረበት ቀን እናቴ ሱሪው ኪስ ውስጥ ያገኘችውን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ «ና ተከተለኝ» አለችው። ቢፈልግ መሸሽ ይችል ነበር፤ በቁመት እሷን ከትከሻው በታች ነው የሚያያት። ግን «እማዬ ደግሞ፣ ልታስመክሪኝ ነው?» እያለ ከኋላችን መጣ። ጠዋት ትለቀቃለህ ብላዋለች፤ አምኗታል። እኔም አምኜ ነበር።

ተረኛው ፖሊስ ሲያየን «እትዬ፣ ጋሼ ደግሞ በቀን ጀመረ?» አላት። «ዛሬስ ልጁ ነው» አለች። «እሱም ተቀላቀለ?» ብሎ ሳቀ። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሳቁ ቆመ። ብድግ ብሎ በሩን ዘጋው። እናቴ ነገሩን ከምር ሊይዝላት መስሏት ፊቷ ፈካ፤ አጠገቧ ስለነበርኩ አይቻለሁ። እንደ ልማዷም ጨመረችበት። «ለራሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ለጓደኞቹም ይሰጣል። የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ሊያበላሽብን ነው። እስቲ አስፈራሩልኝ» አለች።

የተጻፈው «ለጓደኞቹም ይሰጣል» የሚለው ነው። «አስፈራሩልኝ» የሚለው አልተጻፈም። ተነበበላት፣ የጣት አሻራዋን አኖረች። ስንወጣ «ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት ልምጣ?» ብላ ጠየቀች። ተረኛው ወንድሜን ይዞት ወደ ውስጥ ገባ።

5. እውነት ሰጥቷል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ሰጥቷል። አንዱን ጥቅል እሱና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ይቀባበሉታል። ሸጦ አያውቅም። ክሱ ግን ማዘዋወር ይላል። ክቡር ዳኛ፣ አባቴ ሥራ ጨርሶ ሒሳቡን በተቀበለ ቀን ጠረጴዛው ላይ ላለው ሁሉ ቢራ ያወርዳል። ለዚህ ቸር ይባላል፣ እጁ የማይታጠፍ ይባላል። አልጠጣም ያለውን ሰው «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ብለው አያስቀምጡትም። የሁለቱ ልዩነት ምን እንደሆነ ልብስ ሳጥብም፣ ስተኛም አስቤዋለሁ። ሕጉ ይለየዋል ካሉኝ ይገባኛል፤ ከሕግ ጋር ልከራከር አልችልም። ያልገባኝ ሰዉ ነው። የመስታወቱን ስብርባሪ አብረውን ሲጠርጉ የነበሩ ጎረቤቶች አሁን ልጆቻቸውን በእኛ ደጃፍ አያሳልፉም። እነሱ ግቢ ድግስ ሲኖር የቢራውን ጠርሙስ በሳጥን በሳጥን ሲያስገቡ እነዚያው ልጆች ናቸው የሚሸከሙት።

አባቴ ራሱ የሰማ ዕለት ጠጥቶ መጥቶ «በኔ ቤት ሱሰኛ ይብቀል?» እያለ አለቀሰ። ይህን ሲል መቆም አቅቶት እኔ ነኝ የደገፍኩት። ያ ተረኛ ፖሊስም መጠጥ ቤት አግኝቶት «አይዞህ ጋሼ፣ ያልፋል» ብሎ ቢራ ጋብዞታል። ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያዘነለት ይመስለኛል።

6. በመጀመሪያው የመጠየቂያ ቀን ወንድሜ ከሽቦው ወዲያ ሆኖ፣ «እማዬ፣ ጠዋት ትለቀቃለህ ያልሽኝ የትኛውን ጠዋት ነው?» አላት፤ እየሳቀ ነበር። እሷ የያዘችውን ሳህን ወዲያ ወዲህ ታደርጋለች። በኋላ መሳቁን ተወ። አሁን የሚበላውን ይቀበላል፣ እኔን «ደኅና ነሽ?» ይለኛል፣ እሷን አያያትም። ተቀይሟት እንደሆነ ወይም ካያት የሚያለቅስ መስሎት እንደሆነ አላውቅም። ጥፍሩ ግን ነጽቷል። እሱን ሳይ ነው እኔን የከፋኝ። እናቴ ቤት ስትገባ አፏን በመዳፏ ትመታዋለች። እኔ ያላየሁ መስዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

7. ነገ እናቴ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናት። መጥሪያውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ማን ላይ?» እያለች ደጋግማ አስነበበችኝ። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄደን ቃሏን ለማንሣት ብንጠይቅ፣ ጸሐፊዋ ቃሏን ብትለውጥ እሷም እንደምትከሰስ ነገረችን። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ወጥቶ በትሕትና «እናቴ፣ አይጨነቁ፣ እውነቱን ብቻ ይናገሩ» አላት። ችግሩ እውነቱ ነው። እናቴ ስለ አባቴ ያጋነነችው ሁሉ ውሸት ነበር፤ አንድም ጉዳት አላመጣበትም። ስለ ልጇ ያለችው ግን እውነት ነው። መንገዱን ስንመለስ «ያኔ ቢላ አንሥቷል ብል ኖሮ ጠዋት ይመጣልኝ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ/ እናቴ «ለጓደኞቹ ይሰጣል ወይ?» ተብላ ከተጠየቀች በኋላ «ለምን አመጣሽው?» የሚለውን ጥያቄ እርስዎ እንዲጠይቁልኝ። ሌላ የሚጠይቃት ያለ አይመስለኝም። የተመደበለትን ጠበቃ ያገኘነው አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ወንድሜን በሌላ ሰው ስም ነበር የጠራው።

ለ/ የሚጠይቃት ሰው በቀኝ በኩል እንዲቆም ወይም ድምፁን ከፍ እንዲያደርግላት። ካልሰማች «ምን አላችሁ?» ማለት ታፍራለች። ሳይገባት «አዎ» ትላለች።

ሐ/ ስለ አባቴ የጻፍኩት ከመዝገቡ እንዳይገባ። ካስፈለገም ያ ገጽ እንዲቀደድልኝ፤ አልቀየምም።

በነጻ ይለቀቅ ብዬ አልጠየቅኩም። የሚሆን ስላልመሰለኝ ነው። ይህ ወረቀት እጅዎ ይገባል ብዬም እምብዛም አልጠብቅም፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ከባለጉዳዩና ከጠበቃው በቀር ከማንም እንደማይቀበሉ ነግራኛለች። እኔ ባለጉዳይ አይደለሁም አለችኝ። ያም ሆኖ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሳልጽፈው ከቀረሁ እናቴ የተናገረችው ቃል ብቻውን ይቀራል።

ነገ በሩ ሳይከፈት እመጣለሁ። ወረቀቱን ለመዝገብ ቤቷ ልጅ እንደገና እሰጣለሁ፤ ካልተቀበለችኝ አጥፌ ይዤው ወደ ችሎቱ እገባለሁ። እናቴ ስትጠራ እስከሚፈቀደው ድረስ አብሬያት እራመዳለሁ። ለወንድሜም ወፍራሙን ሹራቡን አምጥቼ ለጥበቃው እሰጣለሁ። አሁን ሙቀት መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚወሰድበት ቦታ ሩቅ ከሆነ ግን ክረምት ሲገባ የሚያደርስለት ሰው አይኖርም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የተከሳሹ እህት
(ፊርማ)