ነጭ አሸዋ ላይ ያለ ውሃ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለካሚል፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጅርታ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ተሽሏታል፤ ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ሰንበቴ ገበያ ሄዳ ፍየል ገዝታ መጣች።

መስከረም ላይ ለማስተርስ መፈተኔን አልነገርኩህም፤ ሳልፍ ላበስርህ ነበር። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። በቃለ መጠይቁ ግን አንዱ መምህር ስሜን አየና፣ «ጅቡቲ፣ ታጁራ ላይ የባሕሩን ውሃ ጥራት በስህተት የመዘገብሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። የምን ስህተት ብዬ ክው አልኩ። የባሕርን ውሃ ጥራት በሳተላይት የለካህበትን ያንተን ጥናት ከፍቶ አሳየኝ። «ዘምዘም እንድሪስ በዳርቻው የለካችው የሰባት ቀን መረጃ፣ በቂ ሥልጠና ስላልነበራት ተሰርዟል» ይላል።

ያሠለጠንከኝ እኮ አንተ ነህ ካሚል! ከምትማርበት አገር ከወጣህ መመለሻ ቪዛ እንዳታጣ ፈርተህ፣ «ካንቺ ሌላ የማምነው የለኝም» ብለህ ላክኸኝ። በዚያ ንዳድ ሃያ ስድስት ቀን፣ ሰባቱን በዳርቻው ቀሪውን በጥልቁ፣ ጀልባ ላይ ዋልኩ። ሳተላይቱ በላያችን በሚያልፍበት ሰዓት ነጩን ሳህን በገመድ አወርድና ስንት ሜትር ድረስ እንደሚታየኝ እጽፍልህ ነበር።

ያን ሰሞን መደወልህን ረሳኸው? «ሳተላይቱ የዳርቻው ውሃ ድፍርስ ነው ይላል፣ አንቺ ደግሞ ኩልል ያለ ነው ትያለሽ» አልከኝ።

«ወላሂ ኩልል ያለ ነው። ሳህኑ አሸዋው ላይ ሲያርፍ እንኳ ይታየኛል» አልኩህ።

አንተም፣ «እንግዲያው ነጩ አሸዋ ብርሃኑን እየመለሰ ሳተላይቱን አሳስቶታል። የኔ ስሌት ለጥልቁ እንጂ ለዳሩ አይሆንም ማለት ነው» አልክ። በገዛ አፍህ። የረዳሁህ መስሎኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አንተ ግን ስሌትህን ከምታርም እኔን ሰረዝክ። ባዕድ ቢያደርገው ይህን ያህል ባላንገበገበኝ። ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለኝም፤ ያው እዚሁ ፊዚክስ ማስተማሬን ቀጥያለሁ።

ስለዚህ ስማኝ። በየቀኑ የመዘገብኩትን፣ ከጀልባው ላይ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ጋር፣ ጥናትህን ላወጣው መጽሔት ትናንት ልኬዋለሁ። ዲግሪህን ሊያሳጣህ እንደሚችል አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የከረምኩት። እንደኔ ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ጻፍኩልህ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። «ምን እያልሽው ነው?» ብትለኝ፣ «ሰላምታ ነው» አልኳት።

«እንግዲያስ ዱዓዬን ጨምሪበት። ልጄ፣ አላህ በሰው ፊት አያሳፍርህ በይልኝ» አለችኝ።

ይኸው ጨምሬልሃለሁ።

እህትህ
ዘምዘም እንድሪስ