የነብር ራስ ያለው ሰውዬ

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3፣ 2012
ሙዚየም፣ ጥበቃ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ዋልኩ፤ እግሬ አብጧል። ዛሬም ሸክላው ሰውዬ ያለበት ክፍል መደቡኝ። ከአንገቱ በታች ሰው፣ ከአንገቱ በላይ ነብር። እነሱ ጃጓር ይሉታል። ከሜክሲኮ ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመቱ። መንፈስ የሚያናግር አዋቂ ወደ አውሬ ሲለወጥ ነው፣ በአገሩ የተከበረ ነበር ይላል ጽሑፉ። ከታች ደግሞ፦ ሠሪው አይታወቅም።

የተከበረ! የእኛን ሸክላ ሠሪ ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ ነው ይሉ የለ? እናቴን ስንቱ ቡዳ ብሎ ሰደባት... እዚህ ስደት አገር የእሷ ልጅ መሆኔን ማንም አያውቅም። ሰፈርሽ የት ነው ሲሉኝ ሽሮ ሜዳ እላለሁ። የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር፣ ቀጨኔን፣ ጠርቼ አላውቅም። ይኸው ከመጣሁ ሃያ ዓመቴ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 4
ሙዚየሙ በነፃ የሚገባበት ቀን ስለሆነ የልጄን የሐመልማልን አማት፣ እትዬ ውባንቺን ጋበዝኳቸው። ሠርጉ ለጥር ነው፣ እንቀራረብ ብዬ። ልጃቸው ፍጹም፣ ሙሽራው፣ ከሚኖሩበት ከኤቨረት ከተማ አመጣቸው። እሱ ፓርክ የሚያደርግበት አጥቶ ሲዞር እኛ ገባን።

የሰውዬውን ጀርባ አይተው ይቺ ጥቁሯ ምንድናት፣ ተቃጥሎ ነው ወይ አሉኝ። አፌን በቆረጠው! ሲተኮስ እንጨት የነካው ነው አልኩ። እንዳይሰነጠቅ ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል እንደሚገባ፣ ሳይደርቅ በጠጠር እንደሚታሽ... እጄ ራሱ አየሩን ያሽ ነበር።

«አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

ከመናገሬ ይልቅ ዝምታዬ ነው ያጋለጠኝ። ክንዴን ይዘው ነበር፣ ለቀቁኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 14
ለእትዬ ውባንቺ ድፎ ዳቦ ልኬ ነበር። ፍጹም መልሶ አመጣው፤ ከነጨርቁ፣ ሳይቆረስ። እማዬ ዳየት ላይ ነች አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ዳየት... ከቡዳ እጅ አይበላም በለኝ እንጂ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16
ሐመልማል እያለቀሰች መጣች። እትዬ ውባንቺ ሠርጉ ይቆይ ብለዋል።

«ማም፣ ቡዳ ምንድነው?»

በአምስት ዓመቷ አምጥቼ እዚህ ሬኒየር ቢች ያሳደግኳት ልጅ፣ ከየት ታውቀዋለች? ነገርኳት። ቀጨኔን፣ አያቷን፣ ጅቡን። አር ዩ ሲሪየስ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ሶ፣ አንቺ ለምን አወራሽ?»

እኔን! እነሱን ሳይሆን እኔን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 27
ተስተካከለ። ሐመልማል ኮል አድርጋ፣ እናቴ ሸክላ የተማረችው እዚሁ ኮሚዩኒቲ ሴንተር ክላስ ወስዳ ነው ብላቸዋለች። አመኑ። ወይስ ማመን ፈለጉ?

ዛሬ እትዬ ውባንቺ ቤቴ መጡ። ዳቦ ቆረስኩ፣ በሉ። እያላመጡ፣ እናትሽስ ምን ይሠሩ ነበር አሉኝ። ሐመልማል ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨመቀችው።

«የቤት እመቤት ነበረች» አልኩ።

ልጄ ፈገግ አለች። ጥር ላይ ትዳራለች። እልል እላለሁ፣ ምን አደርጋለሁ?

ነገ እዚያ ሰውዬ ፊት እቆማለሁ። የእሱን ሠሪ እውነትም የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እናቴን እያወቅኋት ካድኳት...

ስሟ ባየሽ ነው። ሸክላ ሠሪ። እዚህ እንኳን ይጻፍ።