ለወደቀ ሰው እጅ መንሳት

ውድ የእህቴ ልጅ፣ አንበጣው፦

ይህን የምጽፍልህ ልከስህ ነው። ትተኸው የሄድከው የጆሮ ማዳመጫ ራሰ በራዬን እንደ ቀንበር ተጭኖ ከዳር እስከ ዳር መስመር አውጥቶበታል። ደንበኞቼ ሶፋ ሊያዩ መጥተው የእኔን አናት አይተው ይሄዳሉ። ትናንት አንዷ፣ «ጋሼ፣ ራስዎንም መስፋት ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ። ስፖንጁን አውጥቼ ጥያለሁ፤ አዲስ ቆዳ እያለበስኩት ነው። ከሶፋዎቼ ይልቅ ያምራል።

እናትህ ደውላልኝ ነበር። አንዱ ክንድህ ጄሶ ውስጥ ሆኖ በሌላው ቢላ ስትስል አግኝታሃለች። «ልጄ ሰው ሊገድል ነው፣ ወንድሜ፤ እባክህ አንድ ነገር በለው» እያለች አለቀሰች። አንተ ደግሞ ስልኬን አታነሳም። ስለዚህ የማዳመጫው ክስ ይቆየንና ክንድህን ወደ ሰበረው ጊንጥ ቤት ከመሄድህ በፊት ማወቅ ያለብህን ልንገርህ።

የቪዲዮ ጨዋታውን ያስተማርከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ከመጋዘኑ ጣሪያ ዘለህ ወርደህ የአንዱን ግንባር በጥይት በረቀስክና ሬሳው ላይ ቆመህ ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ አልክ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩህ።

«እጅ መንሳት ነው፣ ጋሼ። ለወደቀ ጠላት ክብር ነው። ጨዋ ተጫዋች ሳያደርገው አያልፍም» አልከኝ፣ ኮስተር ብለህ።

የእኔ ደም ነህና ፊትህን ሳትቀይር መዋሸት ታውቅበታለህ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳሞኝ ኖሬ በገዛ ቤቴ በጎረምሳ ተሞኘሁ።

አንተ ትምህርት ቤት ስትውል በአንተ የጨዋታ ስም፣ «አንበጣ» ተብዬ እየገባሁ እጫወት ነበር። አንድ ቀን «ጊንጥ» ከሚባል ተጫዋች ጋር ተገጣጠምን። ጎበዝ ነው። ደረጃ ስር አድብቶ ሆዴን በጩቤ ዘረገፈው። ስመለስ ደግሞ አንገቴን ቀላው። በመጨረሻ እኔም ከበር ኋላ ተሸሽጌ ቦምብ ከእግሩ ስር አንከባለልኩለትና ግድግዳው በደሙ ተለሰነ። እንዲህ ያለ ጀግና በአንድ ቁጢጥ አይሸኝም ብዬ አውራ ጣቴ እስኪዝል እጅ ነሳሁት። ከዚያ በኋላ በጣልኩት ቁጥር አብዝቼ አከበርኩት።

«አንተ ውሻ፣ ወንድ ከሆንክ ሰፈርህን ንገረኝ» ብሎ ጻፈልኝ።

አንተ ከጓደኞችህ ጋር ከዚህ የባሰ ስትባባል እየሰማሁ ነው የኖርኩት፤ ሰላምታ መሰለኝ። «ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለው ሶፋ ቤት ነው። ና፣ ሻይ እንጠጣለን» ብዬ መለስኩለት።

የቀረውን አጥንትህ ያውቀዋል። በማግስቱ ሁለት ሆነው መጡ። አንተ ደንበኞች መስለውህ ከፈትክላቸው።

«አንበጣ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ፈለጋችሁ?»

ረጅሙ ልጅ፣ ማለት ጊንጥ፣ የያዘውን ብረት ክንድህ ላይ ሲያሳርፍ የሰማሁት ድምፅ፣ ደረቅ ጣውላ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከወደቅክ በኋላም ረገጡህ። አፍህ ደም ሞልቶ ነበር። እኔ የምስማር መዶሻዬን እንደያዝኩ ከጓዳ ወጥቼ ረጅሙን ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘሁት። ወፍራም ጨርቅ እንደመምታት ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም። ለሙሽሮች ሶፋ በዘረጋሁት ነጭ ጨርቅ ላይ ደሙን እያዘራ ተንበረከከ። መዶሻዬን ለሁለተኛ አነሳሁ። አናቱ ከፊቴ ነበር፣ እጄም ደስ ብሎት ነበር። ይህን ለእናትህ እንዳትነግራት።

አንተ ራስህን ስተህ ስለነበር ያለውን አልሰማህም። እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ሬሳዬ ላይ እኮ ተጫወተብኝ! ጓደኞቼ ሁሉ እያዩ ሬሳዬ ላይ ቁጢጥ እያለ ሰደበኝ!» አለ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። እጅ መንሳት ያልከኝ ነገር ስድብ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጓደኛው ከስሬ ጎትቶ ወሰደው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ጊንጥ የሰበረው ያንተን ክንድ ይሁን እንጂ ሊሰብር የመጣው የእኔን ነበር። ጥፋቱን ብንካፈለው ሰፊው ለእኔ ይደርሳል፤ ለቀልድህም ትንሽ ትተርፋለች። ብረቱ የራሱ የጊንጥ ነው፤ እሱን ማንም አይሸከምለትም። ግን ቢላህን ይዘህ ሄደህ የምትወጋው፣ አጎትህ በትሕትና ያሳበደውን ልጅ ነው። በጨዋታው ስንት ጊዜ አርደኸኝ ስንት ጊዜ ተነሳሁ! ያ ልጅ ግን እዚህ ወለሉ ላይ ሲደፋ ተነስቶ እንደሚቆም እርግጠኛ አልነበርኩም። መሳል ካማረህ የእኔ መቀስ ዶልዱሟል፤ ና እሱን ሳልልኝ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁት። ረጅሙ ልጅ ነው፤ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ብቻውን ነው። አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጓል፤ ምን እንደያዘ ከዚህ አይታየኝም። «ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ» ይላል።

መዶሻዬ እዚህ ወረቀቱ አጠገብ ነው። እዚሁ ይቀመጥ። አንተም ቢላህን አስቀምጥ። ለሻይ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ውሃ ጥጄ ልክፈትለት።

ቁጢጥ ሳይል እጅ የሚነሳህ፣
አጎትህ