ስለ ወይዘሮ ካሳነሽ አንድ አቁማዳ ስንቅ

ለተከበሩ አቶ ደረሰ
የቀበሌያችን የወረርሽኝ መከላከልና የቤተሰብ ዝግጁነት ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ግብረ ኃይልዎም እንደምን ከረማችሁ እያልኩ፣ እኔ ጤናዎን ላለመንካት ከእርስዎ ሁለት ሜትር ርቄ፣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ናቸው» ባለችኝ አሥራ አንድ ቀናት ደግሞ ከነጭራሹ ከበሩ ውጭ ቆሜ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደ ገቡ መዝገብ ቤቱም ሊነግረኝ ስላልቻለ ነው እንጂ፣ ክብርዎን ለመንካት ፈልጌ አይደለም።

ስሜ ትዕግስት ይሄነው ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ በልብስ ስፌት የምተዳደር ስሆን፣ የግብረ ኃይሉ አባላት ባለፈው ዓመት አገጫቸው ላይ አድርገው ይዞሩ የነበሩትን የጨርቅ ጭምብሎች የሰፋሁት እኔ ነኝ። እኔ የለካሁት ለአፍና ለአፍንጫ ነበር፤ ስህተቱ የልኬት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቅሬታዎቼ አምስት ናቸው። ይሁን እንጂ መመሪያው ከአራት በላይ ሆኖ በአንድ ቦታ መሰብሰብን ይከለክል ስለነበረና እስካሁንም መነሳቱን መጥቶ የነገረን ስለሌለ፣ አራቱን እዚህ አስቀምጬ አምስተኛው ርቀቱን ጠብቆ ከፊርማዬ በታች እንዲቆም አድርጌዋለሁ።

፩. ስለ እጅ መታጠብ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በየበራችን በለጠፋችሁት ወረቀት እጃችንን በሳሙናና በውሃ ለሃያ ሰከንድ እንድንታጠብ ስለመከራችሁን እናመሰግናለን። ቧንቧችን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ እሱም ደስ ሲለው የሚመጣ ስለሆነ፣ እጃችንን በታጠብንበት እግራችንን፣ እግራችንን በታጠብንበት ወለሉን እያጠብን ሰነበትን። በጽሕፈት ቤታችሁ በር ላይ አስመርቃችሁ፣ ፎቶም ተነስታችሁበት ያቆማችሁት ሰማያዊ በርሜል ግን ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ ውሃ አልነበረውም። ሕዝቡ ለእናንተ ካለው አክብሮት የተነሳ ባዶውን ቧንቧ ከፍቶ፣ ደረቅ እጁን አሻሽቶ፣ መልሶ ዘግቶ ይገባ ነበር።

፪. ስለ አንድ ቃል። በዚያው ወረቀት ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤት ሳይወጣ የአንድ ወር ስንቅ ያዘጋጅ» ይላል። ይህን ለእናቴ ለወይዘሮ ካሳነሽ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እናቴ አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው በልጅነቷ ከጥሊሊ ዳንግላ ገበያ በእግሯ፣ መንገድ ላይ እያደረች ስትመላለስ ነው። በሰው ቋንቋ ገበያ የወጣ ሰው እንዳይታለል ቃሉን ሁሉ መዝኖ ነው የሚቀበለው፤ እሷም እንደዚያው ነበረች። ስለዚህ «ስንቅ ነው ያለው? ወዴት ልንሄድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የትም አንሄድም፣ እንዲያውም ከቤት አትውጡ ነው የሚለው አልኳት። «ቤቱ ለሚቀመጥማ ቀለብ ነው የሚባል። ስንቅ ካለ መንገድ አለ። የመንግሥት ሰው ያለ ነገር አይጽፍም» አለች። በጽሕፈት ቤታችሁ ላይ ይህን ያህል እምነት የነበራት የመጨረሻዋ ሰው እናቴ ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስንቋን ሰነቀች። ገብሷን ቆላች፤ ወፍጮ ቤቱ ሰልፈኛው ተጠጋግቷል ተብሎ ተዘግቶ ስለነበር በሰባ አንድ ዓመቷ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ በእጇ ፈጨች። በዚያ ሰሞን ጨው ከየሱቁ ጠፍቶ እንደነበር ያስታውሳሉ። የቤቱን ጨው በሙሉ በሶው ውስጥ ጨመረችውና እኛ ድንቻችንን ያለ ጨው በላን። በሶውን ለዳንግላ መንገድ ትይዘው በነበረው አሮጌ የፍየል ቆዳ አቁማዳ ሞልታ፣ አንገቱ ተቀዶ ስለነበር እኔ በቀይ ክር ሰፋሁላትና ከበሩ አጠገብ ሰቀለችው።

፫. ስለ ጉብኝታችሁ። ሚያዝያ ላይ ቤታችንን በመጎብኘታችሁ የተሰማን ክብር ከፍ ያለ ነው። ስድስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ስትገቡ ከእኔና ከእናቴ ጋር ስምንት ሆንን፤ ሆኖም ቁጥር የምትቆጥሩት እናንተ ስለሆናችሁ ቆጠራውን ለእናንተ ተውን። በየቤቱ ሸቀጥ የሚያከማች አለ ተብሎ መመሪያው ተለውጧልና ዝግጁነታችንን ሳይሆን ክምችታችንን ልታዩ እንደመጣችሁ አስረዳችሁን። ከአምስት ሳሙናችን ሦስቱ ክምችት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ወደ አቁማዳው ጠቁመው ይህ ምንድን ነው አሉ። እናቴም ዋሽታ አታውቅምና «ስንቄ ነው» አለች። ወዴት ሊሄዱ ነው እማማ ሲሏትም «እኔ ምን አውቄ፤ ሰንቂ ያላችሁ እናንተ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ» አለች።

በዚህ ጊዜ ነው ቃለ ጉባኤ ያዥዎ አቶ አየነው፣ በግልባጩ እንደ ደረሰን፣ «የጉዞ እገዳውን ተላልፋ ወደማይታወቅ ቦታ ለመሄድ ስንቅ ስታዘጋጅ የተገኘች» ብሎ የጻፈው። አቁማዳው በኤግዚቢትነት ተያዘ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ በር ሸኘቻችሁ፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፣ እኛ ግን መጥረቢያውንም ያቀበልን ሳንሆን አንቀርም።

፬. ስለ ቀሩት ወራት። ይህን በአጭሩ ነው የምጽፈው።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው «አቁማዳዬን አመጡት?» ትል ነበር። የራባት እንዳይመስልዎ፤ ድንች ነበረን። እሷን የጨነቃት ሂጂ ተብላ ስንቋን መቀማቷ ነው። ከገበያ በሶ ገዝቼ በሌላ ከረጢት ሰጠኋት። አሸተተችውና «ይህ የሌላ ሰው መንገድ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሰኔ ላይ የደም ግፊት ክኒኗ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። ሐምሌ ላይ ተኛች። ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ረቡዕ ጧት እንደ ልማዷ አቁማዳዋን ጠየቀችኝ፤ አመጡት አልኳት። የት አለ ብላ አልጠየቀችም። እንደዚያ አምናኝ ሄደች።

አራት ሰው ተሸከማት። እኔ አምስተኛ ስለሆንኩ የግብረ ኃይሉ ታዛቢ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ እንድቆም በትሕትና ነገረኝ፤ ቆምኩ። ኮሮና እንዳልነበረባት የሚገልጸው የምርመራ ውጤት ከተቀበረች በስድስተኛው ቀን ደረሰን፤ ስለ ፍጥነቱ እናመሰግናለን። አላለቀስኩም። ይኸው ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ እስካሁንም አላለቀስኩም። የምጽፍልዎ ተናድጄም አይደለም፤ ደንዝዣለሁ። መርፌ ሲወጋኝ እንኳ ጨርቁ ላይ ደም አይቼ ነው መወጋቴን የማውቀው።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙት ዓመቷ ከመድረሱ በፊት ያ አንገቱ በቀይ ክር የተሰፋ አቁማዳ እንዲመለስልኝ ነው። በሶውን ነቀዝ በልቶት ከሆነ ግዴለም። አባላቱ በጥብጠው ጠጥተውትም ከሆነ ይስማማቸው፤ የቤታችን ጨው ሁሉ እዚያ ውስጥ ስለነበረ መቼም አልጫ አይሆንባቸውም። ሦስቱን ሳሙና ለታጠባችሁበት መርቄአለሁ። አቁማዳውን ባዶውንም ቢሆን ስጡኝ፤ በበሩ አጠገብ፣ በነበረበት ሚስማር ላይ ልሰቅለው ነው። አመጡት ብያታለሁና።

ለከተማችን ነዋሪዎች ጤንነት ሲሉ ቤት ለቤት በመዞር የከፈሉትን መሥዋዕትነት፣ ለጓዳችን ያሳዩትን ትኩረትና ለቃላት ትርጉም ያደረጉትን ጥንቃቄ ዕድሜ ልኬን የማልረሳ መሆኔን እየገለጽኩ፣ ከእጄ ንጽሕና የተነሳ ሊጨብጡኝ ባይችሉም ከሩቅ እጅ እነሣለሁ።

ትዕግስት ይሄነው
ስሟ የወጣላት ጠባይዋ ሳይታወቅ በፊት የሆነ
እንጅባራ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ (አምስተኛው ቅሬታ)፦ ባለፈው ሰኞ በእናቴ ስም የላካችሁት መጥሪያ ደርሶናል። ወይዘሮ ካሳነሽ በኤግዚቢትነት የተያዘውን አንድ አቁማዳ በአሥር ቀን ውስጥ መታወቂያቸውን ይዘው፣ ጭምብል አድርገው፣ ራሳቸው በአካል ቀርበው ካልተረከቡ ንብረቱ የሚወገድ መሆኑን ይገልጻል። የሞት ማስረጃዋን ይዤ ቀርቤ ነበር። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ዋጋዬ አቁማዳውን በመደርደሪያው ላይ በጣታቸው አሳይተውኝ፣ ከንብረቱ ባለቤት በቀር ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ነገሩኝ። መመሪያ መመሪያ ነው። እንግዲህ በቃለ ጉባኤያችሁ እንደ ተጻፈው እናቴ ወደማይታወቅ ቦታ ሄዳለች፤ የሄደችው ግን ያለ ስንቅ ነው። መጥሪያውን ለተጠራችው የማድረስ ኃላፊነት የጽሕፈት ቤታችሁ ስለሆነ ከዚህ ጋር አያይዤ መልሼዋለሁ። ይቸኩሉ አልልም። ቀንዎ ሲደርስ በዚያው መንገድ ስለሚያልፉ ይዘውላት ይሂዱ፤ አቁማዳዋንም አብረው ያድርሱላት። መንገድ ላይ እንዳይርብዎ ከበሶው ትንሽ ቢቀምሱ እናቴ አትቀየምም፤ ለመንገደኛ ነፍጋ አታውቅም።