የመጨረሻዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም መጠይቅ። ቤታቸው እየሄድን ያስታመምናቸው ሰዎች ሲያርፉ፣ ለቤተሰብ እየደወልኩ "አገልግሎታችን እንዴት ነበር?" እላለሁ። ሰው እናቱን ቀብሮ "ጥሩ፣ መካከለኛ" ብሎ ይመርጣል? ኃላፊያችን "ጥፋታችንን የሚያውቁት እነሱ ናቸው" ትላለች። እስካሁን ሁሉም "እግዜር ይስጥልን" ብቻ። በይሉኝታ ማን ጥፋት ይናገራል...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወልኩ። እናቷ ካረፉ አምስት ወራቸው። ሞርፊኑን በሲሪንጅ ለክታ በአፋቸው እንድትሰጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቅንጣት አታዛንፍም ነበር። "እጅሽ ሚዛን ነው" ብያታለሁ።

ሁሉንም "በጣም ጥሩ" አለች። ልዘጋ ስል...

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቂኝ እንጂ፣ እህቴ።"

"የአስር ሰዓቱን ሰጠኋት። ሲሪንጁን አጥቤ ስመለስ የለችም። ወንድሜ 'ምን ሰጥተሻት ነው?' አለኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት?"

ወንድሟ ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። አምስት ወር ይህን ተሸክማ ስትሰፋ ከርማለች።

"አይደለሽም። መድኃኒቱ በልኩ ነው፤ የወሰዳቸው በሽታው ነው" አልኳት። አለቀሰች።

"ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

ምን ነበረበት? መድኃኒቱ ስለሚያመጣው ሆድ ድርቀት ሳይቀር ለፍልፌያለሁ። የመጨረሻዋን እንደሰጠች ወዲያው ሊያርፉ እንደሚችሉ መንገር ግን ማስፈራራት መስሎኝ ዋጥኩት። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

መጠይቁ ላይ ለዚህ ቦታ የለም። ጀርባው ላይ ጻፍኩት። "ያስተማርኳት እኔ ነኝ" የሚለውንም ጨመርኩ። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ከእንግዲህ ሳይነገረው የሚያስታምም አይኖርም" አለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ልብስ ሰፊዋን አስፈቅጄ ወንድሟ የሚሠራበት ጋራዥ ሄድኩ። የመድኃኒቱን መዝገብ አሳየሁት፤ ሰዓት በሰዓት፣ በእህቱ እጅ ጽሑፍ። ቆሞ አነበበ።

"በድንጋጤ እኮ ነው ያልኩት..."

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዘይት የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ብሄድ ትከፍትልኛለች?"

እኔ ምን አውቃለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አዲስ ታማሚ፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር። የሚያስታምማቸው ልጃቸው ነው። ሲሪንጁን አስያዝኩት። ከዚያ ተቀመጥኩና አልኩት፦

"አንድ ቀን የመጨረሻዋን ትሰጣለህ። ወዲያው ሊያርፉ ይችላሉ። የገደልካቸው አንተ አይደለህም።"

ንግግሬ ረጅም ነበር፤ በስልክ ሳነብላት እንዲህ ቆርጣ ያሳጠረችልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። አበላሸሁት ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

የሹፌሩ ልጅ ደወለ።

"አባዬ አረፈ። የመጨረሻዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ነግረሽኝ ነበር" አለ። "እጁን ይዤው ነበር፣ ሲስተር።"

ሁለታችንም አለቀስን። ስንቱን ሳልነግር አሰናብቻለሁ... ሃያ ዓመት።

ለልብስ ሰፊዋ ልነግራት ደወልኩ። ስልኳን ያነሳው ወንድሟ ነው።

"እየሰፋች ነው" አለኝ። "ልጥራት?"