መርዶውን የነገርኩሽ ቀን

ቢቸና፣ ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰገነት፣ ሞጣ

ደህና መሆንሽን ከልጃችን ከየትናየት ስለምሰማ አልጠይቅሽም፤ እኔም ደህና ነኝ። ልደውልልሽ አስቤ ተውኩት። ስልክ ላይ ዝም ስል የተቆጣሁ እየመሰለሽ ስንቴ ተጣልተናል።

የየትናየትን እጅ የሚጠይቁት ሽማግሌዎች ኅዳር 18 ወንድምሽ ፋንታ ቤት እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። አባት ከእናት ጎን መቀመጥ እንዳለበት አውቃለሁ። ልምጣ ወይስ ልቅር፣ ፈቃዱ ያንቺ ነው። ከመወሰንሽ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ።

መስከረም ላይ የትናየት አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሥራዋ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ሕፃናት ጋር አይደል፣ “አባዬ፣ አንዳንዱን ልጅ ሳየው አንተ ትመጣብኛለህ” ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ልጅ እግር ሐኪም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቀኝ፤ ከወፍጮ ድምፅ ለምን እንደምሸሽ፣ ሰርግ ቤት ለምን ደጅ እንደምቆም፣ ሰው ሲያናግረኝ ለምን ጫማውን እንደማይ። በመጨረሻ “ኦቲዝም ይባላል፤ አብሮዎት የተወለደ ነው” አለኝ።

“የልጆች አይደለም እንዴ?” አልኩት።

“ልጆቹስ አያድጉም?” አለኝ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዓባይ በረሃ ጀምሮ ቢቸና እስክንገባ ድረስ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሲያድር በረደልኝ። በምሠራበት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ባልደረቦቼ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” እያሉ ሲስቁብኝ አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያልበረደልኝ የእናትሽ መርዶ ነው።

ግንቦት 1999 ነበር። ፋንታ ቢሮ ደውሎ እማማ ይርጋነሽ ማረፋቸውን ነገረኝ። “አደራ፣ ዛሬ እንዳትሰማ። ነገ ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ሰብስባችሁ አርዷት” አለኝ። አንቺ ደግሞ ስንጋባ “ከእኔ ምንም እንዳትደብቅ” ብለሽኝ ነበር። ከሁለቱ ቃል ያንቺን መረጥኩ። ቤት ስመጣ ሽንኩርት ትልጫለሽ። “እናትሽ ዛሬ ጠዋት አረፉ” አልኩሽና ምሳዬን ልበላ ተቀመጥኩ። ወድቀሽ ግንባርሽ ከበሩ ደፍ ጋር ሲጋጭ እኔ እንጀራ በእጄ ይዤ ነበር። ጎረቤታችን ውበቴ ጩኸትሽን ሰምታ ስትገባ “አንተ ሰው ነህ?” አለችኝ። ለለቅሶ ሞጣ ሄደሽ፣ ከአርባቸው በኋላም እዚያው እንደቀረሽ ቀረሽ። አልፈርድብሽም።

ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ስነግረው ሰበብ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን “መርዶ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው ለምን ይመስልዎታል?” ብሎ ጠየቀኝ። ሥርዓት ስለሆነ ነው አልኩት። ሌሊቱን አላምጬ አላምጬ ነው የገባኝ። ሰው የሚሰበሰበው የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ እንዲኖር ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ እኔ ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። ብቻሽን ጣልኩሽ፣ ሰገነት። ይቅር በይኝ። እማማ ይርጋነሽን እወዳቸው ነበር። እንባዬ የመጣው በሦስተኛው ወር፣ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፤ ያኔ ማንም አላየኝም፣ እኔም ለማንም አልነገርኩም።

ከፈቀድሽ በዋዜማው እደርሳለሁ። ለሽማግሌዎቹ የሚባለውን የትናየት ጽፋ ሰጥታኝ አጥንቼዋለሁ። ቤቱ ሲንጫጫ ደጅ ብወጣ ጠልቼ አይደለም፣ እመለሳለሁ። ብታለቅሺ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። “ና ደግፈኝ” በይኝ፣ እመጣለሁ። ካልነገርሽኝ አላውቅም፤ ይሄ የሚለወጥ አይመስለኝም።

ከሐኪሙ ስሰናበት መድኃኒት አልጠየቅሁትም። “እንደኔ ያለ ሰው ሚስቱን ይወዳል?” አልኩት።

“እርስዎ ይወዳሉ?” አለኝ።

“አዎ” አልኩት። ለእሱ ከመናገሬ በፊት ላንቺ መናገር ነበረብኝ።

ጊዮርጊስ ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ።

ታዘበው