ሳይጠየቅ የሚላክ ደብዳቤ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የዛሬውን ኢሜይል ለደንበኞቼ ላክኩ። ርዕሱ፦ «የስፌት መኪና ዘይት አቀባብ አጠቃላይ መመሪያ፣ ክፍል ሦስት»። አራት ገጽ ሆነ። ማጠር ይችል ነበር? አይችልም። የዘይት ነገር በአንድ ገጽ አያልቅም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር አለ። ልጄ የመርፌ ፓኬት ስትደረድር ቆይታ፣ «አባዬ፣ የሚከፍተው እኮ የለም» አለች።

«ምኑን?»

«ኢሜይልህን።»

«ያልከፈተ መኪናው ይዛግበት።»

ወደ መርፌዎቿ ተመለሰች። ሱቁን ከተረከበችኝ ወዲህ ዝምታዋ ረዝሟል። ማክሰኞ ባለሙያ ይመጣል አለችኝ። የምን ባለሙያ? ሰው ኢሜይል እንዲከፍት የሚያደርግ... እንዲህ ያለም ሙያ አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

መጣ። ጫማ እንጂ ካልሲ የለውም። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ባለ ፐርሰንቱ ብዬዋለሁ። ያለ ፐርሰንት አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣውም።

«ጋሼ፣ ከመቶ ሰው አሥራ አራቱ ነው የሚከፍተው። ጠቅ የሚያደርግ ደግሞ ጨርሶ የለም።»

«ምኑን ጠቅ ያድርጉት? የሚነካ ነገር አላስቀመጥኩም። የሚነበብ ነው።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

ርዕሱ ይጠር አለ። አንድ ኢሜይል፣ አንድ ጉዳይ። ከታች አንድ ሊንክ ብቻ። ሰፊዎች ሥራ ሳይጀምሩ፣ በጠዋት ይላክ። እስከዚህ ቻልኩት። ከዚያ ደግሞ፣ «ከእነዚህ ውስጥ ይላክልን ብለው የተመዘገቡት የትኞቹ ናቸው?» አለ።

ማንም አልተመዘገበም። አድራሻቸውን ከጥገና ደረሰኝ ላይ እየለቀምኩ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

«ታዲያ ይጠየቁ» አለ። «እሺ ያላሉት ይውጡ። ያን ጊዜ ፐርሰንቱ ከፍ ይላል።»

«እውቀት በነፃ እየሰጠሁ ፈቃድ ልለምን?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። ድፍረቱ...

መጨረሻ ላይ ልጄ፣ «እስከ ታኅሣሥ ካልተሻሻለ እናቆመዋለን» አለች። ለሱ ነው የነገረችው። እኔን አላየችኝም።

አይቆምም። ከቆመ ለታናሽ ወንድሜ የሚደርስ አንድም ቃል የለኝም። በሌላ መንገድ አንነጋገርማ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ባለ ፐርሰንቱ ሲስቅ ጥርሱ ያምራል። ሌላ ሙያ አላየሁበትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ውድድር ገጠምን። ጽሑፉ አንድ፣ ርዕሱ ሁለት። ግማሹ ሰው የኔ ይደርሰዋል፦ «የክር ውጥረት አስተካከል፣ ዝርዝር ማብራሪያ»። ግማሹ የሱ፦ «ክሩ ለምን ይበጠሳል?»

ተሸነፍኩ። ያውም በእጥፍ።

ሰፊ ሁሉ በሩን ገባ ሲል የሚጠይቀኝ እኮ ይህንኑ ነው። ታዲያ እንዴት አልታየኝም? ቢሆንም... ሰውን በጥያቄ መጥራት የገበያ ጩኸት ነው። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ከዚያ ልጄ ሌላ ገጽ አሳየችኝ። የያንዳንዱ ሰው ስም፣ ከጎኑ ይክፈት አይክፈት ተጽፏል።

«የሁሉም ይታያል?»

«የሁሉም።»

ወደ ታች ወረድኩ። የወንድሜ ስም ጋ ቆምኩ። የዛሬውን ከፍቷል። ያለፈውንም። ከዚያ በፊት ያለውንም... ሁሉንም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ልጻፈው እንግዲህ።

ሱቁን የከፈትነው አብረን ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ጆሮው ከእጁ ይበልጣል። መርፌው ወርዶ የታችኛውን ክር የሚያነሣበትን ቅጽበት፣ መዘውሩን እያዞረ በጆሮው ያስተካክል ነበር። እኔ በመለኪያ ነው። መለኪያ አይዋሽም። አንድ ቀን የጨረሰውን መኪና፣ ባለቤቷ ቆማ እያየች፣ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። ሌላ ከተማ ሄዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ።

ዛሬም ቢሆን እፈታዋለሁ። ልክ አልነበረማ።

የኢሜይል አድራሻውን ከሱቁ ማስታወቂያ ላይ አግኝቼ አስገባሁት። ዓመታት ሙሉ ላክኩ። መልስ የለም። ለካ ያነብ ኖሯል...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የዛሬው ርዕስ «ዘይት አታብዛ» ነው። አንድ ገጽ ብቻ። በጠዋት ተላከ። ልጄ ሁለቴ አነበበችው።

«ምን ነካህ አባዬ?»

«ምንም።»

ወንድሜ በተላከበት ደቂቃ ከፍቷል። ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

አሁንም በደቂቃው። ሱቅ ውስጥ ሳላውቀው ሳንጎራጉር ነበር አሉ። ልጄ ናት የነገረችኝ። አላመንኳትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ባለ ፐርሰንቱ መጥቶ ነበር። የወንድሜን መስመር አሳየሁት፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

«ይኸኛው ሁልጊዜ በደቂቃው ይከፍታል» አልኩት። ኩራት ቢጤ ሳይኖርበት አልቀረም።

«እሱ ሰው አይደለም፣ ጋሼ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንዳንድ ስልክ ኢሜይሉ ገና እንደደረሰ ራሱ ይከፍተዋል። ባለቤቱ ጨርሶ ላያየው ይችላል። በመከፈት ብዙ አይታመኑ። የሚታመነው ጠቅታ ነው። ጠቅታ የሰው ጣት ነው።»

የወንድሜን ጠቅታ አየሁ። ባዶ።

ስልክ ነው ያነበበልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከብረት ጋር ነበር የማወራው። ዕድሜ ልኬን ከብረት ጋር ኖሬ፣ እንዴት አልለየሁትም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሊንክ ይግባ አልኩ። ባለ ፐርሰንቱ በስልክ ሊስመኝ ምንም አልቀረው። የመርፌውን ቅጽበት በመለኪያ ሳስተካክል ልጄ በስልኳ ቀረጸችኝ። ሊንኩ ወደዚያ ይወስዳል። ርዕሱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፦ «በጆሮ የሚያስተካክሉ ይሳሳታሉ»።

ልጄ አነበበችና ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይኼ ለደንበኛ ነው?»

«ለሰፊ ሁሉ ነው።»

«አጎቴ ያየዋል እኮ።»

«ይየው።»

«ይናደዳል።»

«ይናደድ። የተናደደ ሰው ጠቅ ያደርጋል።»

ራሷን ነቀነቀች። «አንተ እኮ እርቅንም በዱላ ነው የምትጠይቀው።»

«እርቅ ማን ጠየቀ?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ተላከ። እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ሰፊ ለካ ጠብ ይወዳል። ሁለት ሰዎች የስድብ መልስ ጻፉልኝ፤ አንዷ «በጆሮዬ ነው የምሠራው፣ ምን ይሁን?» ብላለች። ባለ ፐርሰንቱ ደውሎ «ጋሼ፣ እሳት ነዎት» አለኝ። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።

ወንድሜ እስከ ምሳ ድረስ ባዶ። ከምሳ በኋላም ባዶ። ከዚያ ገጹን እንደገና ስከፍተው ከስሙ ጎን አንድ ጠቅታ አለ።

ጣቱ ነው። ስልኩ አይደለም፤ የገዛ ጣቱ ነው። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ቪዲዮውን እያየ ይሆናል... እጆቼን እያየ። አርጅተዋል ይላል? ተሳስተሃል ይላል? ይበል።

ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ደስ የሚላት መስሎኝ። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቀና አላለችም።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቪዲዮውን አይደለም የተጫነው፣ አባዬ።»

ከሁሉም ግርጌ በደቃቃ ፊደል የተጻፈ አለ፤ «ከዝርዝሩ መውጣት እፈልጋለሁ» የሚል። እሱን ነው። ኮምፒውተሩ የሚወጣውን ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ አራት ምክንያት ደርድሮ አንዱን ያስመርጣል። መርጧል።

«እንዲላክልኝ አልጠየቅኩም።»

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ላስገባው ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። «ይህ ሰው በፈቃዱ ወጥቷል። ሊመለስ የሚችለው ራሱ ሲመዘገብ ብቻ ነው።» ደግሜ ሞከርኩ። ደገመልኝ።

የጠመመ ዘንግ በመዶሻ ይመለሳል። ይኼ በምን ይመለሳል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ለሁሉም ላክኩ። «ይህ ኢሜይል እንዲመጣላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ርዕሱም ጽሑፉም ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ልጄ ልታሳምረው ፈልጋ ነበር፤ ከለከልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ብዙው ዝም አለ። እሺ ያሉም አሉ። አንዱ ሽማግሌ ሰፊ፣ «ጋሼ፣ የመርፌውን ይላኩልኝ፤ የዘይቱን ክፍል አራት ግን አደራ እንዳያመጡብኝ» ብሎ ጽፏል። ክፍል አራትን ጨርሼ አስቀምጬው ነበር።

ዝም ያሉትን ማውጣት ጀመርኩ።

«ሁሉንም ባንዴ ማጥፋት ይቻላል እኮ» አለች ልጄ።

«አንድ በአንድ ነው ያስገባኋቸው።»

ስማቸውን እያነበብኩ አወጣኋቸው። የሞተም ነበረበት። ለሞተ ሰው ስለ ዘይት ስጽፍለት ኖሬአለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ከመቶ ሰው ከስልሳ በላይ ከፈተ። ባለ ፐርሰንቱ ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ «አላልኩዎትም ጋሼ?» አለ። ብለኸኛል አልኩት። ልጄም ኢሜይሉ አይቆምም አለች፤ አሁን ይሠራል አለች። ይሠራል። መላክ ለምፈልገው ሰው አይደርስም እንጂ ይሠራል።

ባለ ፐርሰንቱ ሲሄድ ልጄ የአጎቷን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ፊቴ አስቀመጠች።

«ደውልለት።»

«ደውልልኝ አላለም።»

«አባዬ፣ ደግሞ አሁን ይህን ያዝክ?»

ወረቀቱን ወደሷ ገፋሁት። ከኋላ ክፍል ገብቼ ሻይ ቀዳሁ። ግድግዳው ስስ ነው። ስልክ ስትደውል ሰማኋት።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ... ደህና ነን... አዎ፣ ራሱ ነው የሚጽፈው... አላውቅም፣ አልነገረኝም...»

ከዚያ እሱ ብቻ ተናገረ። ረጅም ነበር። ልጄ «እህ» ትላለች፤ ትቆይና ደግሞ «እህ» ትላለች። አንድ ጊዜ ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልተሰማኝም። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስወጣ ስልኩን አስቀምጣ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆማለች። ሥራ አልያዘችም። አየችኝ። ጠበቀችኝ። «ምን አለ?» ማለት ሁለት ቃል ነው። አፌ ጫፍ ላይ ነበር።

«አሥራ አራት ቁጥር መርፌ አልቋል» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች።